በገመድና በአፈር መካከል

የተሳሳተ ነገር ሰምቼ ማለፍ አልችልም። ጸባዬ ነው፤ ለባል ያላበቃኝም እሱ ነው ይላሉ የሰፈሩ ሴቶች፤ ይበሉ። ወላይታ ውስጥ፣ ተበላ በምትባል ከተማ፣ ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪ ተነስቶ «ቲቸር፣ ጌታነህ ብዙ ኃይል አለው» ካለ እዚያው አስቆመዋለሁ። ኃይል ማንም ሰው ኪሱ ከቶት የሚዞረው ነገር አይደለም። ኃይል የሚፈጠረው በሁለት ነገሮች መካከል ነው። ግድግዳ ስትገፋ ግድግዳውም ይገፋሃል፤ ግድግዳው ከሌለ አንተም የምትገፋው ነገር የለህም። አንድ እሁድ ፓስተሩ ስለ ኃይል ሲሰብኩ ከንፈሬን ስነክስ ያየችኝ እናቴ፣ ስብከቱ እስኪያልቅ ክንዴን ይዛ ተቀመጠች። ተነስቼ እንዳላርማቸው ፈርታ ነው።

ታናሽ ወንድሜ አሮን በዚህ ጸባዬ መቀለድ ይወድ ነበር። ቤት ሲገባ በሩን በትከሻው በርግዶ «ሚቼ፣ በሩ ገፋኝ!» ይለኛል። ሚቼ በወላይትኛ እህቴ ማለት ነው። ለሌላው ሰው ኢየሩሳሌም ነኝ፣ ወይም መምህርት ነኝ፤ ሚቼ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። ቅየሳ ተምሮ ዲፕሎማ ይዟል። ሶዶ እየተመላለሰ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሲያነብ ከርሞ ሲሰለቸው፣ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ተደራጅቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ካባ ገረጋንቲ ማውጣት ጀመረ። ለመንገድና ለቤት መሠረት የሚሞላውን ቀይ አፈርና ጠጠር ማለቴ ነው።

ካባው ከኮረብታው ጎን ተቆርሶ የቆመ ቀይ ገደል ነው። ደንቡ ከላይ ጀምሮ እንደ ደረጃ እየከረከሙ መውረድ ነው። የእኛ ልጆች ግን እንደዚያ አይሠሩም። ገደሉን ከሥሩ ይበሉታል። እግሩን በዶማ ይፈለፍሉና አናቱ ሲከብደው ራሱ ይናዳል፤ የሚቀራቸው በአካፋ ወደ ጭነት መኪናው፣ ወደ አይሱዙው መጫን ብቻ ነው። መናዱ መድረሱን የሚያውቁት ከላይ ጠጠር መርገፍ ሲጀምር ነው። አንዱ ይጮኻል፣ ሁሉም ዘለው ይሸሻሉ፣ ከዚያ ይሳሳቃሉ። የቡድኑ ኃላፊ ቶማ ይህን እንደ ትልቅ ጥበብ ነው የሚያወራው። «መሬቱ ራሱ ይሥራልን እንጂ!» ይላል።

አንድ ቀን ለአሮን ምሳ ይዤለት ሄጄ ሲሠሩ አየሁና ደሜ ፈላ። ከሥር ገብቶ ሲፈለፍል ጀርባው ብቻ ይታያል፤ በላዩ ላይ የቤት ጣሪያ የሚያህል አፈር ተንጠልጥሏል። እጁን ይዤ ጎትቼ አወጣሁት።

«ይሄ ገደል ለምን የቆመ ይመስልሃል?» አልኩት። «ላዩ በክብደቱ ሥሩን ይጫነዋል፣ ሥሩ ደግሞ በዚያው ልክ ወደ ላይ ይገፋዋል። ተገፋፍተው ነው የቆሙት። አንተ ያንን የሚገፋውን እያወጣህ ነው።»

«ታዲያ እስካሁን ቆሞ የለ እንዴ?»

«እስኪወድቅ ድረስማ ሁሉም ነገር ቆሟል!»

«ሚቼ ደግሞ፣ ለገደሉም ታስተምሪያለሽ?» ብሎ ሳቀ፤ ጓደኞቹም ሳቁ። ቶማ ሳይቀር እጄን ጨብጦ በጨዋ ደንብ ሸኘኝ። አሮን ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ያልኩትን ያውቀው ነበር። ከላይ እየከረከሙ ከሠሩ መኪናው እስኪሞላ ቀኑ ያልቃል፣ ሹፌሩ ደግሞ አይጠብቅም፣ ወደ ሌላ ካባ ይሄዳል። ይህንንም እኔ አውቀው ነበር። የሚያናድደኝም እሱ ነው፤ ሁላችንም እያወቅን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ሰኔ ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሯል። እናቴና እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን በቆሎ ስንፈለፍል ቶማ ደወለ። «መምህርት፣ ነይ። አሮን ላይ ተናደ» አለ። «በሕይወት አለ?» ስለው «ያወራል፣ ያወራል፣ ብቻ ነይ» አለና ዘጋው። አዬ ፊቴን አይታ ሳልነግራት ተነሳች። እናታችንን አዬ ነው የምንላት። ጉልበቷ አያስሮጣትምና በኋላ ትድረስ ብዬ ጥያት ሮጥኩ። መንገድ ላይ ባጃጅ አግኝቼ እስከ ካባው ግርጌ አደረሰኝ።

አሮን እስከ ደረቱ ተቀብሮ ነበር። ጠጠሩ ሲረግፍ ሌሎቹ ዘለዋል፤ እሱ እግሩ ጭቃ ውስጥ ስለገባ አንድ እርምጃ ዘገየ። አንድ እጁ ውጭ ነው። ፊቱ በቀይ አፈር ተለውሶ ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ይታያል። ሲያየኝ ሊስቅ ሞከረ።

«ሚቼ፣ ዛሬ አትቆጪኝ» አለ።

መቆጣት አማረኝ። በጥፊ ልለውም አማረኝ። ተንበርክኬ ከአፉና ከአፍንጫው አፈሩን ጠረግሁለት። «ትተነፍሳለህ?» አልኩት። «እተነፍሳለሁ፣ ግን እግሬን የያዘው ነገር ከባድ ነው። ድንጋይ መሰለኝ» አለኝ።

ቀና ስል ገመዱን አየሁ። ወፍራም የጭነት ገመድ ነው፤ አንዱን ጫፍ በአሮን ብብት ሥር አዙረው አስረውታል፤ ሌላውን ጫፍ ሳሚ የሚባለው ሹፌር ከአይሱዙው ኋላ እያሰረ ነው። ሰዉ ከየአቅጣጫው ተሰብስቧል፤ ከእርሻ፣ ከመንገድ፣ ከገበያ የመጣ ነው። ወንዶቹ ገመዱን በእጃቸው ይዘው ለመጎተት ተሰልፈዋል፤ መኪናውም እነሱም አንድ ላይ ሊስቡ ነው። የእኛ አገር ሰው ችግር ሲያይ ቆሞ አያይም፤ ይይዛል፣ ይጎትታል። በክረምት ከብት ማጥ ሲውጠው ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ በገመድ ነው የሚያወጣው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይ ነው ያደግሁት። አሮንንም እንደዚያው ሊያደርጉት ነው።

ሳሚ መኪናው ላይ ወጥቶ ሞተሩን ሲያስነሳ ሮጬ ከኋላ ገመዱ ላይ ቆምኩ።

«ሳሚ፣ ሞተሩን አጥፋው!»

«መምህርት፣ ዞር በይ። በአንድ ጊዜ ነው የማወጣው። አምና የእነ ዱባለን በሬ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም?»

«በሬው እግሩ ከዳሌው ወልቆ ታርዷል!»

ሰዉ ግን ዝም አላለም። «ጊዜ አታባክኚ!» «ወንድሟ አይደል እንዴ?» «ትምህርቷን እዚያው ታስተምር!» የሚል ጩኸት ከየቦታው መጣ። ድምፄን ከፍ አድርጌ በወላይትኛ ጮህኩባቸው። በአማርኛ ብናገር ክፍል ውስጥ ያለሁ ይመስላቸዋል።

«ስሙኝ! አፈሩ እግሩን ዙሪያውን ጨብጦ ይዞታል። በጎተታችሁት ልክ አፈሩም ወደራሱ ይጎትተዋል። እናንተ በጨመራችሁ ቁጥር እሱም ይጨምራል። መሃል ላይ ያለው አሮን ነው! መጀመሪያ የሚለቀው አፈሩ ይመስላችኋል? የአሮን ወገብ ነው የሚለቀው!»

ቶማ ገመዱን ከእጁ ጣለ። ሌሎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሳሚ ግን ከመኪናው ወርዶ ወደ እኔ መጣ፤ ላቡ በፊቱ ይወርዳል፤ እሱም ፈርቷል። «ያ ላይኛው ገደል ተሰንጥቋል፣ አታዪም?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስንቆፍር ብንቆይ ሌላው ይመጣል። ያኔ እሱም እኛም የለንም። እሱን ራሱን ጠይቂው።»

እውነቱን ነው፣ ስንጥቁ ይታይ ነበር።  ወደ አሮን ዞርኩ። ሁሉንም ሰምቷል።

«ሚቼ ያለችውን አድርጉ» አለ።

ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረኝም። ሳሚ ራሱ ገመዱን ከአሮን ብብት ፈታው። በአካፋ ስንቆፍር የወጣው አፈር ተመልሶ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ የአይሱዙውን ስፖንዳ፣ የጭነቱን የጎን ሳንቃ፣ አስነቅዬ በአሮን ዙሪያ እንደ ሳጥን አቆምነው። ከሰፈር የእንጨት በርና የአልጋ ርብራብ መጣ። አፈሩ ሳንቃውን ይገፋል፣ ሳንቃው በዲጂኖና በድንጋይ ተደግፎ መልሶ ይገፋዋል፤ በመሃሉ እኛ በቆርቆሮ፣ በሳህን፣ በእጃችን እንዝቃለን። አንድ ሽማግሌ ከገደሉ ራቅ ብለው ስንጥቁን እንዲጠብቁ አስቀመጥን። አምቡላንስ ተጠርቷል፤ ምጥ የያዛት ሴት ሊያመጣ ወደ ቆላው ወርዷል፣ ሲመለስ ይመጣል ተባለ። ሴትየዋም ሰው ናት፤ ማንን ልውቀስ?

አዬ ደረሰች። ያ ሁሉ ሰው መንገድ ለቀቀላት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። ሳጥኑ ውስጥ ገብታ ከራስጌው ተቀመጠችና ራሱን ወደ ደረቷ አስደገፈችው። በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለት። ውሃ በጠርሙስ ክዳን እየቀዳች አጠጣችው። «ጠዋት ቁርስ ሳትበላ ነው የወጣኸው» ስትለው ሰማኋት። «በልቻለሁ» አላት። ውሸቱን ነው፤ እኔም እሷም እናውቃለን።

እስከ ወገቡ ስንደርስ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች። እስከ ጭኑ ስንደርስ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች። ድንጋዩ ተገኘ። ሁለቱንም እግሮቹን ከጉልበቱ በላይ አግድም ተጭኗቸዋል፤ በላዩ ላይ ደግሞ ከገደሉ የወረደው ጭቃ ተለጥፎበታል። በዲጂኖ ቶሎ ብንፈነቅለው ሊንሸራተትና እግሩን ሊሰብረው ይችላል፤ ስለዚህ ዙሪያውን ቀስ እያልን መቆፈር ነበረብን። አሮን ጠዋት ሲያቃስት ነበር፤ አሁን ግን ዝም ብሏል።

«ያምሃል?» አልኩት።

«አሁን ተወኝ። እግሬም የኔ አይመስለኝም፣ ግን አያመኝም።»

ደስ አለኝ። ሁላችንም ደስ አለን። ቶማ «ተመስገን፣ ሕመሙ ተወው!» ብሎ ለሰዉ አሰማ። ሰዎች ጥርሳቸውን ገለጥ ገለጥ አደረጉ፤ አንዲት ሴት ቆሎ አዞረች። ከዚያ በኋላ የቆፈርነው በሌላ መንፈስ ነበር። አሮንም ቀልዱ ተመለሰ። «ሚቼ፣ ድንጋዩ እየገፋኝ ነው ወይስ እኔ ድንጋዩን?» አለኝ። «ሁለታችሁም» አልኩት። «ታዲያ እኩል ከሆንን ማን ያሸንፋል?» አለ። ይህን ጥያቄ በየዓመቱ የሚጠይቀኝ ተማሪ አይጠፋም፤ በየዓመቱ አስረዳለሁ። ያን ቀን ግን «ስትወጣ እነግርሃለሁ» ብዬ መቆፈሬን ቀጠልኩ።

በመጨረሻ ድንጋዩ ሥሩ ተለቀቀ። ወንዶቹ ሦስት ዲጂኖ ከበታቹ አስገብተው ተዘጋጁ። ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ገና የታመቀ ጭቃ ነበረ፤ አንዱ በዶማ ሊቆርሰው ሲል አዬ እጁን ያዘችው።

«ዶማ አታቅርብበት። ልጄን እኔ አወጣዋለሁ።»

ተንበርክካ በጣቶቿ ጭቃውን ከእግሩ ዙሪያ ትፍቅ ጀመር። ማንም አልከለከላትም። የጣቷ ጫፍ ደማ፣ አላቆመችም። «አሁን አንሱ!» ብላ የጮኸችውም እሷ ናት። ዲጂኖው ተጫነ፣ ድንጋዩ ከጭኑ ላይ ተነሳ፣ አዬ ሁለቱን እግሮቹን አቅፋ ሳበቻቸው፤ ሳይከብዳት መጡላት። አሮን ወጣ። እልልታው ኮረብታውን ሞላው። ሳሚ ራሱን ይዞ ቁጢጥ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አዬ የደማ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ «ዛሬ ደግሜ ወለድኩት! በገዛ እጄ ደግሜ ወለድኩት!» ትል ነበር።

ሳጥኑን ለቀን እንደወጣን ገደሉ ተናደ። ስፖንዳውንም በሩንም ዋጠው። እኔ ያኔ ስቄያለሁ፤ እብድ እንደሚስቅ ነው የሳቅሁት። አሸነፍን ብዬ ነበር።

አምቡላንሱ ስላልደረሰ ወደ ሶዶ የሚሄድ ሚኒባስ አስቆምን። ተሳፋሪዎቹ ሳንለምናቸው ወርደው መንገድ ዳር ቆሙልን። አሮንን ከኋላ ወንበር ላይ አጋደምነው፤ ራሱ አዬ ጭን ላይ፣ እግሩ እኔ ጭን ላይ ነው። ቶማና ሌሎቹ በሳሚ አይሱዙ ተጭነው ተከተሉን። እግሮቹ አብጠው የሱሪውን ጨርቅ ወጥረውታል፤ ግን አልተሰበሩም፣ ዳሰስኳቸው። አዬ መዝሙር ትዘምራለች። ሹፌሩ ሬዲዮውን አጠፋላት።

«ርቦኛል» አለ አሮን።

«ሶዶ ስንደርስ የፈለግኸውን» አልኩት።

«ፓስታ በሥጋ።»

«እሺ።»

ከዚያ «እግሬ እየመጣ ነው» አለ። «ያቃጥለኛል፣ ይወጋጋኛል።» ደም እየገባበት ነው፣ ጥሩ ነው አልኩት። አልዋሸሁትም፤ ደም እየገባበት ነበር። ዳገቱን ስንወጣ ዳሞታ ተራራ ጉም ለብሶ ፊት ለፊት ታየን። አሮን እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ሚቼ፣ እዚህ ጋ የሆነ ነገር ይዘላል» አለ። ደንግጠህ ነው፣ ተንፍስ አልኩት። ተነፈሰ። ከከተማው መግቢያ ላይ ዓይኑን ጨፈነ።

«ተኛ» አለች አዬ። «ተዪው ይተኛ፣ ደክሞታል።» መዝሙሩን ቀነስ አድርጋ ቀጠለች። እኔ ተንጠራርቼ አንገቱን ዳሰስኩ። አልነገርኳትም። ለሹፌሩ ብቻ «በናትህ ፍጠን» አልኩት። እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ለሞተ ልጇ ስትዘምርለት ሰማኋት።

ድንገተኛ ክፍል ተቀበሉት። ደረቱን ተጫኑት፣ ደጋግመው ተጫኑት፣ መርፌ ወጉት፣ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። ከዚያ አንድ ወጣት ዶክተር መጥቶ ወደ ኮሪደሩ ጥግ ወሰደኝ። ይልቃል እባላለሁ አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል። ስንት ሰዓት ያህል ተጭኖት እንደነበረ ጠየቀኝ። ከጠዋት እስከ ከሰዓት አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«ያልገባኝ ነገር አለ» አልኩት። «ያወራ ነበር። አጥንቱ አልተሰበረም፣ ደም አልፈሰሰውም። ፓስታ በሥጋ አሰኝቶት ነበር።»

«ጡንቻ ለረጅም ሰዓት ሲጨፈለቅ ይሞታል» አለኝ። «የሞተው ጡንቻ ውስጥ መርዝ ይጠራቀማል። ድንጋዩ እላዩ ላይ እስካለ ድረስ መርዙ እዚያው እግሩ ውስጥ ታፍኖ ይቆያል። ድንጋዩ ሲነሳ ደሙ ወደ እግሩ ይገባና ያንን ይዞ ወደ ልቡ ይመለሳል። ልብ ደግሞ አይችለውም።»

«ድንጋዩ ነበር እንግዲህ ያቆየው?»

«እንደዚያ ማለት ይቻላል። ከመነሳቱ በፊት በደም ሥሩ ፈሳሽ ቢሰጠው ምናልባት... እዚያ ማን ይህን ያውቃል? ማንም አያውቅም። ራሳችሁን አትውቀሱ።»

«በመኪና ሊጎትቱት ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኩት።»

«ጎትተውት ቢሆን ወገቡ ነበር የሚበጠሰው። ልክ ነሽ» አለኝ። ከዚያ «ለእናትሽ እኔ ልንገራቸው?» አለ።

ቆይ አልኩት። ልክ ነሽ ማለቱ ጆሮዬ ላይ ቀረ። ዕድሜዬን ሙሉ ልክ ነሽ መባል እወዳለሁ፤ ያን ሰዓት ግን ምንም አልሠራልኝም። ያየሁት የአዬን ጣቶች ነው፣ ጭቃውን ከቁርጭምጭሚቱ ሲፍቁ። የሰማሁት «አሁን አንሱ!» ያለችውን ነው። ዶክተሩ ያለኝን ወጥቼ ብነግራት የምትሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያቺን የመጨረሻ ጭቃ ያነሳችው እሷ እንደሆነች፣ እግሩን ስባ ያወጣችው እሷ እንደሆነች። ማንም አያውቅም ነበር ብላት፣ ቁጭ ብዬ በሥዕል ባስረዳት፣ ከዚያ ሌላ አትሰማም። አውቃታለሁ፣ እናቴ ናት። «እኔ እነግራታለሁ» አልኩት።

ግቢው ውስጥ የካባው ሰው ሁሉ ደርሷል። መሞቱን አንዲት ነርስ ለእነሱም ለአዬም ነግራቸዋለች። ቶማ ግንባሩን ግንቡ ላይ አስደግፎ ቆሟል። ሳሚ መሬት ላይ ተዘርፍጦ ጭንቅላቱን ይመታል። «እጎትተዋለሁ አላልኩም? በአንድ ጊዜ አወጣዋለሁ አላልኩም?» ይላል። «ያኔ ገና ጤነኛ ነበረ እኮ! ቀኑን ሙሉ እዚያ ውስጥ አስቀመጥነው!» የሰማው ሁሉ እኔን አየ። ሳሚ ክፉ ሰው አይደለም። ያለውን ከልቡ ነው ያለው፣ ያመነውን ነው። ግን ስህተት ነው፣ እንደ ቀትር ፀሐይ የታወቀ ስህተት። አፌ ውስጥ መልሱ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር አይፈጅም።

አዬ ከግንቡ ሥር ተቀምጣለች። ከእነ ቶማ ጋር የመጣች ጎረቤታችን ውሃ አምጥታ እጇን ልታጥባት ስትሞክር እምቢ ብላታለች። ቀዩ ጭቃ ከደሙ ጋር ጥፍሮቿ ሥር ደርቋል። አጠገቧ ስቀመጥ ቀና ብላ አላየችኝም፤ እጆቿን ታያለች።

«እኔ እንዲህ በጣቴ ነው ያወጣሁት» አለች። «ሳላሳምመው። ሲወጣ ቀልሎኝ ነበር።»

«አዎ፣ አዬ።»

«ከዚያ በኋላ ምን ሆነብኝ ታዲያ?»

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለስኩላት። ሳሚ እየደጋገመ ነው፣ እጎትተዋለሁ አላልኩም፣ እጎትተዋለሁ አላልኩም። አዬ ለአፍታ ሰማችው። ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። በሕይወቴ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

«ኢየሩሳሌም፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ዶክተሩንም አናግረሽዋል። ሳሚ ያለው እውነት ነው? ያኔ ቢጎትቱት ልጄ ይድን ነበር?»

ሰዉ ጠጋ ጠጋ አለ። ሳሚም ራሱን መምታቱን ተወ።

«አዎ» አልኳት። «ይድን ነበር። ቶሎ ቢወጣ ይድን ነበር። እኔ ነኝ ያቆየሁት።»

እጆቿን አንዴ ደግማ አየቻቸው፣ ከዚያ ጭኗ ላይ አኖረቻቸው። አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። ተነስታ እየተንገዳገደች ወደ ሳሚ ሄደችና ራሱ ላይ እጇን ጫነች። «አንተስ ልጄን ልታድንልኝ ነበር» አለችው። እሱ እግሯ ላይ ተደፋ። ጎረቤታችን ውሃውን ስታቀርብላት አሁን እምቢ አላለችም፤ እጇን ዘርግታ ታጠበች።

አስከሬኑን ሲያወጡልን ቀኑ ገና አልመሸም። ሳሚ መኪናውን ወደ በሩ አስጠጋ፤ ስፖንዳው ስለሌለ ሰዎቹ ዙሪያውን ሊይዙ ወጡ። በራስጌው ቶማና ሌላ ልጅ ያዙት። በግርጌው አንድ ሰው ጎደለና ልይዝ ጠጋ አልኩ።

«አንቺ አትንኪው» አለችኝ አዬ።

እጄን ሰበሰብኩ። አንዱ የካባ ልጅ መጥቶ በእኔ ቦታ ያዘው።